ፈረስ ወይስ ፈረሰ?

አማቴን ሰፈሩ «ባለፈረሷ» ይላቸዋል፤ ፈረስ ግን የላቸውም። እኔ በሙሽርነት ወደዚህ ግቢ ከገባሁ ጀምሮ ከዶሮ የሚበልጥ እንስሳ እዚህ ቆሞ አላየሁም። ስሙ ከየት እንደመጣ ስጠይቃቸው «የድሮ ነገር ነው፣ ሥራሽን ሥሪ» ይሉኛል። እኔም ሥራዬን እሠራለሁ። በዚህ ቤት ሥራ አልቆ ስለማያውቅ ለጥያቄ የሚተርፍ ጉልበት የለኝም።

ቤታችን ድሮ ከከተማው ውጭ ነበር። እኛ ሳንነቃነቅ ከተማው ራሱ እየተንፏቀቀ መጥቶ ደጃችን ደረሰ። ያኔ ከመስኮታችን የሚታየው ሽንኩርት፣ ጎመንና ካሮት ብቻ ነበር። አሁን ከሽንኩርቱ ማዶ ፎቅ በቅሏል፤ ከፎቁ ሰገነት ላይ ደግሞ የተሰጣ ካልሲ ይታያል። አማቴ ጠዋት በር ከፍተው ሲወጡ መጀመሪያ ዓይናቸው የሚያርፈው እዚያ ነው። «እነዚህ ሰዎች ከካልሲ ሌላ ልብስ የላቸውም እንዴ?» ይሉና ባልዲያቸውን ይዘው ወደ ማሳቸው ይወርዳሉ።

አጭር ናቸው። ከሰው ቀድመው ስለሚደርሱ ግን አጭርነታቸው አይታወቅም። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ማሳውን ብቻቸውን እያረሱ፣ ሽንኩርቱን ብቻቸውን እየሸጡ አንድ ልጃቸውን አሳደጉ። ፊደል አልቆጠሩም። ገበያ ላይ ከሚዛን ጋር ሲጨቃጨቁ ያየ ሰው ግን ሚዛኑ ያልተማረ ይመስለዋል። «እሱ ብረት ነው፤ ብረት ምን ያውቃል?» ይላሉ፣ ሽንኩርቱን በመዳፋቸው ከፍ ዝቅ እያደረጉ።

ያ አንድ ልጃቸው ባሌ ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ የሚኖረው መንገድ ላይ ነው፣ እኛ ዘንድ ለእንግድነት ይመጣል። ስለዚህ ትንሿ ልጄ ፊደል ልትቆጥር ስትሄድ ቤቱን ይዘን የምንቀረው እኔና አማቴ ነን። አንድ ምንጣፍ ላይ እንደተኙ ሁለት ድመቶች ማለት ነን፤ ከተነካካን እንቧጨራለን፣ ካልተነካካን እናንቀላፋለን።

እኔ ትምህርት ያቋረጥኩት ከአምስተኛ ክፍል ነው። አነባለሁ፣ ግን እንደ ሽማግሌ ደረጃ አወጣጥ ነው፤ አንድ ፊደል እረግጥና አርፋለሁ። ቢሆንም በዚህ ቤት ምሁር የምባለው እኔ ነኝ። የመብራት ወረቀት ሲመጣ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ሲገዛ «ምሁሯ የት ሄደች?» ይባላል።

ስለ ክፍሌም ልናገር፣ በኋላ ያስፈልጋል። የእኔና የባሌ ክፍል ከዋናው ቤት ጎን ተጣብቆ የተሠራ ነው። ዋናው ቤት የጭቃ ሲሆን የእኛ ክፍል የድንጋይ ነው። በሩ ሰፊ ነው፤ ደግሞ ወገቡ ላይ ለሁለት የተቆረጠ ነው። ላይኛውን ከፍቶ ታችኛውን ዘግቶ መቀመጥ ይቻላል። ሙሽራ ሆኜ ስመጣ አማቴ እጄን ይዘው አስጎበኙኝና «ይሄ የእንግዳ ክፍል ነበር። ለክብርሽ ብለን ሰጠንሽ» አሉኝ። ደስ አለኝ። ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራ፣ መሃሉ ጎድጎድ ያለ የድንጋይ መደብ አለው። ብርድ ልብስ እደራርብበታለሁ፤ ልጄንም ሕፃን ሳለች አስተኛት የነበረው እዚያ ውስጥ ነው፣ አትንከባለልም። ከመደቡ በላይ ደግሞ ግድግዳው ውስጥ የተቀበረ ወፍራም የብረት ቀለበት አለ። ቦርሳዬን እሰቅልበታለሁ። እንግዳ ተቀባይ ሰዎች ነበሩ፣ ለእንግዳ ቦርሳ እንኳን አስበዋል እል ነበር።

አንድ ማለዳ ከውጭ የአማቴን ድምፅ ሰማሁና ወጣሁ። አንድ ቀጭን ሰው፣ ጃኬቱ ከላይ እስከ ታች ኪስ ብቻ የሆነ፣ የቤታችን ማዕዘን ላይ በቀይ ቀለም ምልክት እያደረገ ነው። የከተማው ቀያሽ ነው። መሬት የሚለካ ማለት ነው።

«ምን እየሠራህ ነው አንተ?» አሉ አማቴ።

«ምልክት እያደረግኩ ነው እማማ።»

«የምን ምልክት?»

«የመንገድ። አዲሱ መንገድ በዚህ ነው የሚያልፈው።»

«በዚህማ እኔ አለሁ። በዚያ በኩል ይለፍ፣ ባዶ ነው።»

«እሱን የሚወስነው ካርታው ነው እማማ። የእርስዎ ቤት ደግሞ ካርታው ላይ የለም።»

«እኔስ? እኔ አለሁ?»

ቀያሹ ብሩሹን እንደያዘ ትንሽ አሰበ። «እርስዎማ አሉ።»

«ታዲያ የት ነው የቆምኩት? አየር ላይ ነኝ?»

ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም። ቀለሙን አስቀመጠና አስረዳን። ደንቡ እንዲህ ነው አለ፦ በድሮ ካርታ ላይ ቆሞ የሚታይ ቤት «ነባር» ይባላል፤ መንገድ ነባር ቤት ሲያጋጥመው ዞር ብሎ ያልፋል። በካርታ ላይ የሌለ ቤት ግን በኋላ ሾልኮ የተሠራ ነው ተብሎ ይነሳል። ተነሥቶ የት እንደሚሄድ አማቴ ጠየቁት። እሱ የሌላ ክፍል ሥራ ነው አላቸው።

«የእኛ ቤት እኮ አንተ ሳትወለድ የቆመ ነው!»

«እኔም ይሄ ነገር ገርሞኝ ነው የድሮውን ይዤ የመጣሁት» አለና ከጀርባው ካዘለው ረጅም የፕላስቲክ ቀፎ ውስጥ ጥቅል ወረቀት አወጣ። የካርታው ቅጂ ነው። ደጅ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ዘረጋውና አራቱንም ጫፍ በሽንኩርት አስያዝንለት። በጣቱ አንድ ቦታ ነካ። «ቤትዎ ያለበት ቦታ ይሄ ነው። አጠገቡ የተጻፈውን እዩት።»

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። «እስቲ ምሁሯ፣ ምን ይላል?»

ተጎንብሼ ጣቴን አስጠጋሁ። «የ… ፈ… ረ… ሰ… ቤት።»

«ምን?»

«የፈረሰ ቤት ይላል እትዬ። ቤቱ ፈርሷል ነው የሚለው።»

አማቴ ዞር ብለው ቤቱን ከላይ እስከ ታች አዩት። ጠጋ ብለው ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«አልሰማም መሰለኝ» አሉ።

ቀያሹ ሳይወድ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ቀዩን ቀለም እያየሁ ነበር። አማቴ ግን ድንገት እጃቸውን አጨበጨቡ። «የፈረስ! የፈረስ ቤት ነው እንጂ! የምን ፈረሰ!»

ስለ ቅጽል ስማቸው በሙሉ የሰማሁት ያን ቀን ነው። እሳቸው እዚህ ቤት ሙሽራ ሆነው በገቡበት ሰሞን የካርታ ሰዎች ይህንን የገበሬ አገር ሊለኩ መጡ። ማረፊያ ያገኙት እዚሁ ግቢ ነው። የባላቸው አባት አንድ ቡላ ፈረስ ነበራቸው፤ ከሰው ሁሉ አስበልጠው የሚወዱት። የካርታ ሰዎቹን ዕቃ ኮረብታ ለኮረብታ የጎተተው ያ ፈረስ ነው። ሰዎቹ በሦስት እግር የሚቆም መነጽር ነበራቸው፤ አንዱ ሙሽሪትን «ነይ እይበት» አላት።

«አየሁበት። ለካ ያ መነጽር ሁሉን ነገር ገልብጦ ነው የሚያሳየው!» አሉ አማቴ፣ ዓይናቸው እየበራ። «አማቴን፣ የባሌን እናት፣ ጎመን መሃል ተዘቅዝቀው አየኋቸው። እግራቸው ሰማይ ላይ ሆኖ፣ ጣታቸውን እያወዛወዙ ይቆጡኛል። እንደዚያ ቀን አስደስተውኝ አያውቁም።»

ያ መነጽር ዛሬ የት ይገኝ ይሆን ብዬ በሆዴ አሰብኩ።

«ሊሄዱ ሲሉ አለቃቸው የባሌን አባት ‹ይሄን ቦታ ምን ብለን እንጻፈው?› አላቸው። የልጄ ቤት በሉት አላሉም። የሚስቴ ቤት በሉት አላሉም። ‹የፈረስ ቤት ብለህ ጻፍ› አሉት። ከዚያ ወዲህ ሰዉ እኔን ባለፈረሷ አለኝ። ፈረሱ ባሌ የውኃ ፓምፕ ሲገዛ ተሸጠ። ስሙ ግን እኔ ላይ ቀረ።»

ቀያሹ ከኪሶቹ በአንዱ ማጉያ መነጽር ፈልጎ ካርታው ላይ አጎነበሰ። «ቀጥ ያለች ሰ ናት» አለ። «ሳድሷ ስ ብትሆን እዚህ አንገቷ ላይ ሰበር ትል ነበር። ከመስክ የመጣውን ቢሮ ቁጭ ብሎ የገለበጠው ሰው አንገቷን ሳይሰብራት ረስቷል። እኔ አምንዎታለሁ እማማ። ቢሮው ግን እኔን አይደለም የሚሰማው። ዶዘሩ ሳይመጣ ካርታ ክፍል ሄዳችሁ ተናገሩ።»

እሱ ከግቢው ሲወጣ አማቴ ሳሙናና ብሩሽ ይዘው ቀዩን ቀለም መፈተግ ጀመሩ። ቀለሙ አልለቀቀም። ሳሙናው ነው ያለቀው።

በማግስቱ ማዘጋጃ ቤት ሄድን። አማቴ ለገበያ የማያደርጉትን ጫማ አደረጉ። መጀመሪያ ያገኘነው አንድ ባለ ክራቫት ነው። ኮምፒውተሩን አየና በትሕትና «ይህ ቤት ፈርሷል» አለን።

«ገና አልፈረሰም ልጄ።»

«በመረጃችን ከፈረሰ ቆይቷል። አሁን የት ነው የሚኖሩት እናቴ?»

«እዚያው ነዋ፣ የፈረሰው ውስጥ።»

ባለ ክራቫቱ ፊቱ ጠቆረ። «በፈረሰ ቤት ውስጥ መኖርማ ክልክል ነው። አደጋ አለው።»

አማቴን መልስ ያሳጣ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ የሰውየውን ፊት ለማስታወስ ደህና አድርጌ አየሁት። እሱም ከእኛ ለመገላገል ይሁን ለመርዳት፣ ምድር ቤት ወዳለው ካርታ ክፍል መራን።

ካርታ ክፍል መስኮት የለውም። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሰፋፊ መሳቢያዎች ተደርድረዋል፤ የአቧራና የድሮ ወረቀት ሽታ አለው። የክፍሉ ኃላፊ ሞላ ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴትዮ ናት። ጎብኚ እንደናፈቃት ያስታውቃል። የመጣንበትን ስንነግራት መሳቢያ እየሳበች የእኛን አካባቢ ካርታዎች አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ታነጥፍልን ጀመር፤ የድሮውን ከታች፣ አዲሶቹን ከላይ።

አማቴ በድሮው ላይ አጎነበሱ። ካርታው ላይ ቡናማ ቀጫጭን መስመሮች አንዱ አንዱን እየከበቡ ይዞራሉ።

«ይሄ የተቆረጠ ሽንኩርት ምንድነው?»

ሴትዮዋ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ኮረብታ ነው እማማ። እያንዳንዱ ክብ ከፍታን ነው የሚያሳየው። ወደ መሃል በገቡ ቁጥር ከፍ ይላል።»

«ኮረብታን አግድም ከትፈው ነዋ የሣሉት! እሱስ ገባኝ። ይሄ ሰማያዊውስ?»

«ወንዝ።»

«የቱ ወንዝ?» ጠጋ ብለው አዩ። «አሃ፣ አሁን የፎቆቹ ቆሻሻ የሚሄድበት! እንዴት አምሮበት ነበር እባክሽ።»

ሴትዮዋ ቀጣዩን ካርታ ከላይ ደረበችበት፣ ከዚያም ሌላውን። በየካርታው ከተማው ከአንዱ ጥግ እንደፈሰሰ ቀለም እየሰፋ ይመጣል። ማሳዎቹ እያነሱ፣ የተቆረጠው ሽንኩርትም በመንገድ እየተሰነጠቀ ይሄዳል። የእኛ ቤት ግን ከሁለተኛው ካርታ ጀምሮ ጭራሽ የለም። ቦታው ባዶ ነጭ ነው።

ሴትዮዋ ወደ መጀመሪያው ተመለሰች። መነጽሯን አደረገችና ወደ ጽሑፉ አጎነበሰች። ከዚያ «ይገርማል» አለች።

«ምኑ?»

«እዩት፣ ጽሑፉ አጠገብ ጥቁር ካሬ አለ። በካርታ ሕግ ጥቁር ካሬ የቆመ ቤት ነው። የፈረሰ ቢሆን መሃሉ ባዶ ተደርጎ በነጠብጣብ ነው የሚሣለው። ቃሉ ፈርሷል ይላል፣ ሥዕሉ ቆሟል ይላል። ሁለተኛውን ካርታ የሠራው ሰው ቃሉን አንብቦ ‹ከፈረሰ ጥቁር ካሬ ምን ይሠራል?› ብሎ አጥፍቶታል።»

«መቼ ነው ያጠፋኝ?»

ሴትዮዋ ካርታው ግርጌ ያለውን ዓመት ነገረቻቸው። አማቴ በጣታቸው ሲያሰሉ ቆዩና ጠረጴዛውን መቱት። «በዚያ ዓመት ልጄን እያጠባሁ ነበር! እዚያው ቤት ውስጥ! አንድ ሰው እንኳን መጥቶ ‹ጠፍተሻል› አላለኝም!»

ሴትዮዋ ደስ ብሏት እስክሪብቶ አነሳች። «ጥሩ። ቃልና ሥዕል ሲጣሉ ቀያሽ ቦታው ድረስ ሄዶ አይቶ ይወስናል። የፈረስ ቤት ከነበረ የፈረስ ጋጣ ነበረው ማለት ነው። ጋጣው አሁንም ካለ፣ ቃሉ ‹ፈረስ› መሆኑ ይረጋገጣል፣ ቤቱም ነባር ይባላል፣ አለቀ። ጋጣው የት ነው?»

አማቴ ዝም አሉ።

ዝም ማለታቸው አስደነገጠኝ። ከእንቅልፋቸው ውጭ ዝም ሲሉ አላውቅም። እኔን በጎን አዩኝና ዓይናቸውን ወደ ካርታው መለሱ።

«ጋጣው…» አሉ። «ጋጣው ፈርሷል።»

የሴትዮዋ እስክሪብቶ ቆመ። «እማማ፣ እንዲህ ካሉማ ካርታው ልክ ነው ማለት ነው እኮ።»

«አይ! ማለቴ ተቀይሯል።»

«ምን ሆኖ?»

«ሌላ ነገር ሆኖ።»

«ምን ሌላ ነገር?»

«ሌላ ነገር ነዋ! ሰውየው ሲመጣ ያያል።»

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ጋጣው የት ነበር እትዬ?»

«ሥራሽን ሥሪ።»

«ታክሲ ውስጥ ምን ሥራ አለኝ?»

«መስኮቱን ዝጊ።»

ዘጋሁት። ቤታችን የተንጠለጠለው በዚህ ነገር ላይ መሆኑን እያወቁ ለምን አፋቸው እንደታሰረ አልገባኝም። እንደ ልማዴ ተውኩት።

ቀያሹ ሊመጣ በተቀጠረበት ጠዋት አማቴ ከቤት ጠፉ። ሲመለሱ ከኋላቸው የሰፈራችን ጋሪ ነጂ አለ፤ ከእሱ ኋላ ደግሞ ጋሪው የተፈታለት ፈረሱ። ፈረሱ ስሙ «ጡረታ» ነው። ስሙን ያወጣለት ባለቤቱ ነው፤ ጡረታ ልትወጣ ነው እየተባለ ስንት ዘመኑ፣ እሱ ግን አሸዋና ጡብ መጎተቱን አልተወም።

«ይሄ ምን ሊያደርግ ነው?» አልኩ።

«ሊታይ ነው። የፈረስ ቤት ነው አላልንም? ፈረስ ሲያይ ሌላ ነገር አይጠይቅም» አሉ አማቴ፣ የጡረታን አቧራ በእኔ የፀጉር ብሩሽ እያራገፉ።

«እትዬ፣ የእኔ ብሩሽ ነው።»

«ፀጉር ፀጉር ነው።»

ቀያሹ መጣ። ፈረሱን አየ፣ አማቴን አየ፣ ጋሪ ነጂውን አየ። «ይሄ ፈረስ ሁልጊዜ ጡብ ሲያወርድ አይቼው የለም እንዴ?» አለ።

«ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ነው» አሉ አማቴ።

«እማማ፣ የዛሬ ፈረስ የድሮ ጋጣ አይሆንልኝም። ጋጣውን ያሳዩኝ። ካልሆነ የማደርገው የለኝም፤ ዶዘሩ ሥራውን ይቀጥላል።»

አማቴ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። ወደ እኔ አዩ። መልሰው መሬት አዩ። በዚያ ቅጽበት አሳዘኑኝ፤ ለምን እንዳሳዘኑኝ ግን አላወቅኩም።

ጡረታ ነው የገላገለን። ክርክሩ ሲረዝም ጋሪ ነጂው ገመዱን ለቀቅ አድርጎ ኖሮ፣ ፈረሱ ቀስ ብሎ ግቢውን አቋርጦ ወደ ክፍሌ ሄደ። እኔ ለአየር ብዬ የበሩን ላይኛ ክፍል ከፍቼ ታችኛውን ዘግቼዋለሁ። ጡረታ ደረቱን ታችኛው በር ላይ አስደግፎ አንገቱን ወደ ውስጥ ሰደደና ቆመ። ልክክ አለ። በልኩ እንደተሰፋ ኮት። እዚያ በር ላይ እንደተወለደ ሁሉ ጆሮውን እያወዛወዘ የእኔን አልጋ ማየት ጀመረ።

ሁላችንም ዞረን አየነው። የበሩ ስፋት፣ ወገቡ ላይ የተቆረጠው፣ ሁሉም ነገር ለማን እንደተሠራ አፍ አውጥቶ ሲናገር ሰማሁ።

«ይሄ ክፍል ምንድነው?» አለ ቀያሹ።

«መኝታ ክፍሌ ነው» አልኩ።

ሰውየው አፈረ። ግን ሥራው ነውና ፈረሱን ገፋ አድርጎ ገባ። ብርድ ልብሶቼን ከመደቡ ላይ አነሳሁለት። ጎድጓዳውን በእጁ ዳሰሰ፤ ጠርዙ በእንስሳ አንገት መተሻሸት ብዛት ተልጎ እንደ ሳሙና ለስልሷል። ቦርሳዬን ከብረት ቀለበቱ ላይ አውርዶ በአክብሮት ሰጠኝ። ቀለበቱን ጎተተው፣ ንቅንቅ አላለም።

«ግርግም ነው» አለ። «ይሄም ማሰሪያው። እማማ፣ ጋጣው ይሄውና!»

እኔ የማየው አማቴን ነበር። በሩ ላይ ቆመው የጡረታን አንገት እየደባበሱ ነው።

«እትዬ፣ የእንግዳ ክፍል ነው አላሉኝም?»

«እና እንግዳ አልነበርሽም?»

«ልጄን ግርግም ውስጥ ነው ያስተኛኋት?»

«ምን አለበት? ከእሷ በፊት ግርግም ውስጥ የተኛው ትልቅ ሰው ሆኗል።»

ቀያሹ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መለካት ጀመረ። ስንት ዓመት የተኛሁበትን ክፍል ዞሬ አየሁት። ለክብርሽ ያሉኝ ትዝ አለኝና ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩ። አማቴም ታወቃቸው መሰለኝ፣ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ስሚኝ አንቺ ልጅ። የባሌ አባት ለእኛ በጭቃ ሠሩ፣ ለፈረሱ በድንጋይ ሠሩ። በዚህ ግቢ ዝናብ የማያፈስ ክፍል ይሄ ብቻ ነው። ሙሽራ ሆነሽ ስትመጪ የእኔን ክፍል ብሰጥሽ ይሻልሽ ነበር? እዚያ ባልዲ የምደቅነው ለጌጥ ይመስልሻል? የደህናው ቤት ስሙ ጋጣ ሆነብኝ፤ ጋጣ ግቢ እንዴት ልበልሽ? በመጀመሪያው ቀን ትመለሺ ነበር።»

እውነት ነው፣ እመለስ ነበር። በክረምት ሌሊት አማቴ ባልዲ ሲያዛውሩ እሰማለሁ፤ ደካማ እንቅልፍ ነው ያላቸው እያልኩ እተኛ ነበር። የእኔ ክፍል ጠብ ብሎበት አያውቅም። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ደረቁ ክፍል የደረሰኝ የፈረሱን ድርሻ ይዤ ኖሮ ነው።

«እና ቤታችን ከሚፈርስ ይሄን መናገር አቃትዎት?»

«ልናገር ነበር። ፈረሱ ቀደመኝ እንጂ።»

«የሚያፈሰውን ክፍል ለምን አላሳደሱትም?»

«አንቺን አሳድሼ ሲተርፈኝ ብዬ ነዋ!»

እዚህ ላይ ሳቅኩ። ሳልፈልግ ነው የሳቅኩት። ጡረታም በሩ ላይ እንደቆመ አፍንጫውን ነፋ፤ ጋሪ ነጂው «እሱም ገባው» አለ።

ቀያሹ አግዳሚው ላይ ካርታውን ዘረጋ። አማቴ እዚያው ካላስተካከልክ አትሄድም አሉት። በደንቡ ቢሮ ሄዶ ነው የሚታረመው ቢላቸው አልሰሙትም። ሲቸግረው ከኪሶቹ በአንዱ ቀጭን ብዕር አወጣና በቅጂው ላይ፣ እስትንፋሱን ይዞ፣ የዚያችን ፊደል አንገት ሰበር አደረጋት። አማቴ ማጉያ መነጽሩን ተቀብለው አዩዋት። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ለዚህች አንገት ነው ይሄ ሁሉ?»

«ለእሷ ነው እማማ።»

«እንግዲህ አወቅኳት» አሉ።

ማታ ላይ ለባሌ ደወልኩለት። «ክፍላችን የፈረስ ጋጣ እንደነበር ታውቅ ነበር?» አልኩት። መኪናው ሲያጓራ ይሰማኛል። «አንቺ አታውቂም ነበር እንዴ?» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት።

መንገዱ ዞረ። ከሽንኩርት ማሳችን አንድ ጠርዝ ወሰደ፣ ቤታችንን ግን በሩቁ ተሳልሞ አለፈ። አማቴ ክፍል እንቀያየር አሉኝ። የእሳቸውን ባልዲዎች አየሁና «ይቅርብኝ፣ ለምጄዋለሁ» አልኳቸው። ይልቅ ባሌ ሲመጣ ጣሪያ ላይ አወጣነው፤ የእሳቸውም ክፍል መድረቅ ጀመረ። ጋሪ ነጂው ደግሞ ፈረሱን የሚያሳድርበት ቦታ በመንገዱ ተወሰደበትና ጡረታን እኛ ግቢ አምጥቶ አሰረው። «ቤቱ እኮ የእሱ ነው» አለ፣ አማቴም «ልክ ነው» አሉ። ድርቆሽ የማቀርብለት እኔ ነኝ። ሌላ ማን ሊሆን ኖሯል።

በቅርቡ ደጃችን ላይ ፌርማታ ተሠራ። ስሙ በካርታው መሠረት ነው ተባለና የታክሲ ረዳቶች «ፈረስ ቤት! ፈረስ ቤት!» እያሉ መጥራት ጀመሩ። አማቴ ላይኛውን በር ከፍተው፣ ክርናቸውን ታችኛው ላይ አስደግፈው፣ ልክ እንደ ጡረታ አንገታቸውን አውጥተው ረዳቶቹ ሲጠሩ ይሰማሉ። ክፍሉ የእኔ ነው፤ በሩን ግን ከዚያ ወዲህ ወርሰውታል።

ትናንት ቀለም ቀቢ መጥቶ የፌርማታውን ሰሌዳ ጻፈና ሄደ። እኔ ድርቆሽ እያነሳሁ ነበር። አማቴ ከበሩ ሆነው ሰሌዳውን ትኩር ብለው አዩት፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አንቺ! ነይማ እስቲ!»

«ምን ሆኑ እትዬ?»

«እያት፣ ሦስተኛዋን! ቀጥ ብላ ቆማለች!»

ቀና ብዬ አነበብኩ። ፈ፣ ረ፣ ሰ። እውነታቸውን ነው። መንገደኛው ሁሉ በፈረሰ ቤት ሊወርድ ነው።

«ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንናገር?» አልኩ፣ ገና ሳስበው ድካም እየወረደብኝ።

«የምን ማዘጋጃ ቤት? ያ ቀያሽ የረሳት ቀይ ቀለም ጓዳ አለች። በርጩማ ያዢና ውጪ» አሉ አማቴ። «አንገቷን ስበሪያት።»

በርጩማውን ያዝኩና ወጣሁ።